አከራዬ የገዙት ቦንድ

ተከራይ ሆኖ መኖር ያደክማል። ይህን የምለው ክፉ አከራይ ገጥሞኝ አይደለም። ማሻ ተወልጄ፣ ጅማ ተምሬ፣ የሒሳብ አያያዝ አስተማሪ ሆኜ ሚዛን ተፈሪ ስመደብ የተከራየሁት ቤት ውስጥ ነው ሚስት ያገባሁትም፣ ልጆች ያሳደግሁትም። አከራያችን ደግ ሴት ነበሩ። ቢሆንም የሰው ቤት የሰው ነው። ግድግዳ ላይ ሚስማር ለመምታት ታስፈቅዳለህ። ልጅ ሲያለቅስ ሮጠህ በር ትዘጋለህ። ሚዛን ደግሞ ዝናብ እረፍት የማያውቅበት አገር ስለሆነ ጣሪያው ባፈሰሰ ቁጥር ከሥሩ ባልዲ ደቅነህ፣ በገዛ ገንዘቤ ላሠራው ወይስ ልተወው እያልክ ቆርቆሮውን ቀና ብለህ ታየዋለህ። ይህ ዓመት ካመት ሲደጋገም ሰውን ያዝላል።

አከራያችንን «እማማ» ነበር የምንላቸው። ባለቤታቸው ድሮ ከሰሜን በመንግሥት ሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ነበሩ። እሳቸው ካረፉ በኋላ እማማ ግቢውን ይዘው ብቻቸውን ቀሩ፤ የፊቱ ቤት የሳቸው፣ ከጓሮ ያለችው ሁለት ክፍል የኛ። አንድ ወንድ ልጅ አላቸው፤ አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የሚውል።

ኪራይ የምንከፍልበት ወግ ነበረን። ወሩ በገባ በመጀመሪያው ቀን ከሥራ ስመለስ ብሩን ይዤ ወደ ፊቱ ቤት እገባለሁ። ሰጥቶ መውጣት ብሎ ነገር የለም። መቀመጥ አለ፣ ኮረሪማ የገባበት ሻይ አለ፣ የሚስቴና የልጆቹ ጤና አንድ በአንድ ይጠየቃል። ከዚያ ብሩን በሁለት እጄ እሰጣለሁ፣ እማማ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ሳይቆጥሩ ከትራሳቸው ሥር ይከቱታል። አንድ ጊዜ «ቁጠሩት እንጂ እማማ፣ ልሳሳት እችላለሁ» ብላቸው በጣም አዘኑብኝ። በነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድም ቀን አሳልፌ አላውቅም፤ ደመወዝ የዘገየ ጊዜ እንኳ ከባልደረባ ተበድሬ አድርሻለሁ። ጨዋነት ብቻ አልነበረም። የሰው ቤት ውስጥ ያለ ሰው አንገቱን ቀና የሚያደርግበት ሌላ ምን አለው?

ባለቤቴ የሸኮ ልጅ ናት። አባቷ የቡና መሬታቸውን ለልጆቻቸው ሲያካፍሉ ለሷም ደርሷታል፤ ወንድሟ እየለቀመ፣ እያደረቀና እየሸጠ ድርሻዋን ይልክላት ነበር። ያንን ገንዘብ አንነካውም። የቤት መግዣ ነው ብለን ባንክ አስቀመጥነው። ችግሩ እኛ አንድ እርምጃ በተራመድን ቁጥር የከተማው የቤት ዋጋ ጥሎን ይሄዳል። ዩኒቨርሲቲው ተከፈተ፣ ቢሮዎች በዙ፣ ባጃጁ መንገዱን ሞላው፣ ትናንት ማንም ዞር ብሎ የማያየው ረግረግ ቦታ ዛሬ የሚቀመስ አልሆነም። የባንኩ ወለድ ደግሞ ለልጆች ደብተርም አይበቃ።

በዚህ መሐል ነው ቦንድ የመጣው። አንድ የቡናና የቅመማ ቅመም ማቀነባበሪያ ኩባንያ ፋብሪካውን ለማስፋፋት ከሕዝብ ገንዘብ እበደራለሁ ብሎ በኢንተርኔት ቦንድ መሸጥ ጀመረ። እኔ ለዓመታት ክፍል ውስጥ ቦንድ ስገዛና ስሸጥ ኖሬያለሁ፤ በጠመኔ፣ ሰሌዳ ላይ፣ በሌለ ኩባንያ ስም። አክሲዮን የገዛ የኩባንያው ባለቤት ነው፣ ቦንድ የገዛ ግን አበዳሪው ነው፣ ኩባንያው አተረፈም ከሰረም ወለዱን ሊከፍለው ግዴታ አለበት እያልኩ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ «መምህር፣ እርስዎ ቦንድ አይተው ያውቃሉ?» ብለው ሲጠይቁኝ ወደሚቀጥለው ርዕስ አልፋለሁ። ስለዚህ የኩባንያውን ድረ ገጽ ሳይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከትርፉ ይልቅ ያስተማርኩት ነገር በእውን መኖሩ ነው ልቤን የወሰደው።

ከባለቤቴ ጋር መናኸሪያው አጠገብ ያለ ኢንተርኔት ቤት ገባን። ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይጠፋል። ገጹ ግማሽ ድረስ ተከፍቶ ቀጥ ይላል። የመታወቂያዬን ፎቶ፣ የባንክ ደረሰኙን፣ የስልክ ቁጥሬን ስናስገባ ከሰዓቱ አለቀ። በመጨረሻ ስሜና የገዛሁት መጠን ስክሪኑ ላይ ወጣ። ባለቤቴ ጎንበስ ብላ አየችው።

«ወረቀቱስ?» አለችኝ።

«ወረቀት የለውም። እዚህ ውስጥ ነው ያለው።»

«የሸኮ ቡና ሁሉ እዚህ ውስጥ ገባ?»

«ገባ።»

ወጥታ ባጃጅ አስቆመች።

የመጀመሪያው ወለድ በቀኑ ገባ። ወለዱ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው የሚከፈለው፤ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ስልኬ ድምፅ አሰማ፣ አየሁት፣ የባንክ መልእክት ነው። ያን ቀን የቦንድን ትምህርት በሙሉ ልብ አስተማርኩ። የሁለተኛው ግን ዘገየ። ኩባንያው ድረ ገጹ ላይ የውጭ ምንዛሪ እጥረት አጋጥሞኛል፣ ውድ ደንበኞቻችን በትዕግሥት ጠብቁን የሚል ማስታወቂያ አወጣ። ጠበቅን፣ ገባ። ሦስተኛውም እንዲሁ ዘገየና ገባ። ለሌላ ሰው ይህ ምንም ላይሆን ይችላል። እኔ ግን ወለዱን የሚያዘገይ ተበዳሪ ምን እንደሚባል ሰሌዳ ላይ የምጽፍ ሰው ነኝ።

እማማ ግቢውን ሊሸጡት መሆኑን የነገሩኝ በዚያው ሰሞን ነው። የኪራይ ቀን ነበር። ሻዩ ከመጣ በኋላ ጉልበታቸውን እያሹ፣

«ልጄ ነይ እኔ ጋ ኑሪ እያለ ወጥሮ ያዘኝ» አሉኝ። «እኔም ደከመኝ። ማታ ብወድቅ ማን ያነሳኛል?»

«እኛ አለን እኮ እማማ።»

«እናንተማ አላችሁ። ግን ልጄ አልሰማም አለ። አንድ የቴፒ ቡና ነጋዴ አይቶት ወዶታል፤ እጅ በእጅ እከፍላለሁ ብሏል። እኔ ደግሞ አንተን ሳልጠይቅ አልሸጥም አልኩት። በሱ ዋጋ ከገዛኸኝ ላንተ ነው። እስከ ፋሲካ እጠብቅሃለሁ።»

ነጋዴው ገዛው ማለት አፍርሶ የቡና መጋዘን ይሠራበታል ማለት ነው። ሌላ ኪራይ ቤት ፍለጋ ስሄድ፣ ልጆች አሉህ እየተባልኩ ከየበሩ ስመለስ ታየኝ። በሌላ በኩል ደግሞ ቦንዱ ሙሉ ዋጋውን ካወጣና ከመምህራን ቁጠባና ብድር ማኅበር ትንሽ ከተጨመረበት ግቢው የኛ ይሆናል። ዕድሜዬን በሙሉ እንዲህ ተጠግቶኝ የሚያውቅ ቤት የለም። ያለችን ጊዜ ግን እስከ ፋሲካ ነው።

የቦንዱ መክፈያ ቀን ገና ነው፤ ኩባንያው ከቀኑ በፊት ገንዘብ አይመልስም። መሸጥ የሚቻለው ለሌላ ሰው ነው፣ ለዚያም ድረ ገጹ ላይ አንድ ገጽ አለ። ሻጭ ስሙንና የሚሸጠውን መጠን ያስቀምጣል፣ የፈለገ ገዢ ጥያቄ ይልካል፣ ሁለቱም በየስልካቸው በሚደርሳቸው ቁጥር ያጸድቃሉ። ሲነገር ቀላል ነው። ስሜን ካስቀመጥኩ በኋላ ግን የሻጮቹ ዝርዝር በየቀኑ እየረዘመ፣ የገዢዎቹ ባዶ እንደሆነ ቀረ። በእረፍት ሰዓት ኔትወርክ ፍለጋ የማስተምርበት ኮሌጅ ፎቅ በረንዳ ላይ እወጣለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ እኔ ስልኬን ወደ ላይ አንስቼ ገጹ እስኪከፈት እጠብቃለሁ፣ ይከፈታል፣ ማንም የለም።

ቆየት ብሎ የሚደውሉልኝ ደላሎች ሆኑ። ቁጥሬን ከየት እንዳገኙት አላውቅም። አንዱ በጣም ትሁት ነው፤ «ወንድሜ፣ አሁን ይሄን ወረቀት የሚፈልግ የለም፣ ላግዝህ ብዬ እንጂ» ይልና ግማሽ ሊባል ትንሽ የቀረው ዋጋ ይጠራል። ሌላው ሰላምታም የለው፣ ሒሳቡን ብቻ ነግሮኝ ይዘጋል። የሸኮ ገበሬን እርጥብ ቡና ይዞ በዝናብ ሲመጣ እንዴት እንደሚቀበሉት አውቃለሁ፤ እኔንም እንደዚያው ነበር የሚያዩኝ። ለባለቤቴ ስነግራት፣

«በዚያ ዋጋ ከምትሸጠው ቤቱ ይቅር» አለች።

«ቤቱ ከቀረ የት እንገባለን?»

«እኔ እንጃ። የወንድሜን ልፋት ግን ለደላላ አልሰጥም።»

ተኮራርፈን ሰነበትን። እውነት ለመናገር መኮራረፍም ጉልበት ይጠይቃል፣ ጉልበቱ አልነበረንም። ዝም ብለን እራት በልተን እንተኛለን።

ጾሙ ሊጋመስ ሲል በረንዳው ላይ ቆሜ ገጹን ብከፍት ጥያቄ መጥቷል። በሙሉ ዋጋ፣ ያለ ክርክር። ዓይኔን አላመንኩም። ከዚያ ገዢው ማን እንደሆነ ለማየት ወደ ታች ወረድ አደረግሁት። የእማማ ስም ነው። ከነአያታቸው።

መጀመሪያ ሰው የሚያሾፍብኝ መሰለኝ። እማማ ስልክ የሚያነሱት አረንጓዴዋን ይጫኑ ተብለው ነው፤ ድረ ገጽ የት ያውቁና። ከዚያ ልጃቸው ትዝ አለኝ። ነገሩ ሁሉ አንድ ላይ ሲገጥምልኝ በረንዳው ላይ ያለች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እኔ የሳቸውን ቤት ለመግዛት ቦንዴን እሸጣለሁ። እሳቸው ቤታቸውን ሸጠው የኔን ቦንድ ሊገዙ ነው። እኔ የምሸሸውን ነው እሳቸው ቆመው የሚጠብቁት።

ቤት ስገባ ለባለቤቴ ነገርኳት። ሽሮ እያማሰለች ነበር። ማማሰሏን አላቆመችም።

«የዘገየውን ያውቃሉ?» አለች።

«አይመስለኝም።»

«እንግዲያው ንገራቸው።»

«ከነገርኳቸው ትተውት ቤቱን ለነጋዴው ይሸጡታል።»

«ይሸጡት። የእማማን ጡረታ ተሸክሜ አልኖርበትም።» ትንሽ ቆይታ ድስቱን አወረደች። «ነግረሃቸው አልሰማም ካሉ ግን ሌላ ነገር ነው። ያኔ የኛ ጥፋት የለበትም።»

በማግስቱ የኪራይ ቀን ሳይሆን ወደ ፊቱ ቤት ገባሁ። እማማ ደንገጥ ብለው «ምነው፣ ልጆቹ ደህና ናቸው?» አሉ። ደህና ናቸው ብዬ ተቀመጥኩ። ቦንዱን ሊገዙ ነው ወይ ስላቸው ሳቁ።

«ልጄ ነገረህ? ሳልነግርህ ላስደንቅህ ብዬ ነበር እኮ። ቤቱን ሽጠሽ ብሩን ባንክ ብታስቀምጪው ይበላል፣ ቦንድ ግዢ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ እየተከፈለሽ ትኖሪያለሽ ሲለኝ እንቢ አልኩት። የማላውቀውን ሰው ወረቀት ታቅፌ ልቀመጥ? ከዚያ የሻጮቹን ስም በስልክ ሲያነብልኝ፣ ሲያነብልኝ ያንተን ጠራ። ‹ቁም!› አልኩት። ‹እሱን ግዛልኝ።›»

«እማማ፣ ሁሉም አንድ ነው። የኔም የነሱም የአንድ ኩባንያ ዕዳ ነው።»

«እንዴት አንድ ይሆናል? ያኛው የማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ያንተ ያንተ ነው።»

አንድን ነገር ማስረዳት ሥራዬ ነው። ያን ቀን ግን የምችለውን ሁሉ ሞክሬ አልተሳካልኝም። ተበዳሪው እኔ አይደለሁም አልኳቸው። እኔ እንደሳቸው አበዳሪ ነኝ፣ ቦታዬን ነው የምለቅላቸው። ከኔ እጅ ሲወጣ እኔ የለሁበትም። ሁለት ጊዜ ወለዱ ዘግይቷል፣ ወደፊትም ሊዘገይ ይችላል፣ ጨርሶ ሊቀርም ይችላል አልኳቸው። ሻዩን እየቀዱ በትዕግሥት ሰሙኝ።

«አንተ መቼ ዘግይተህ ታውቃለህ?» አሉኝ ስጨርስ።

«የምከፍለው እኔ አይደለሁማ! ኩባንያው ነው።»

«እሱን አላውቀውም። እኔ የማውቀው አንተን ነው።»

ወጥቼ ለልጃቸው ደወልኩ። እሱ የተማረ ነው፣ ይገባዋል ብዬ ነው። የመዘግየቱን ነገር ሁሉ ዘርዝሬ ነገርኩት።

«አውቃለሁ መምህር፣ አንብቤዋለሁ» አለኝ። «አሁን የማይዘገይ ማን አለ? ወለዱ ከባንኩ በጣም ይሻላል፣ አስልቼዋለሁ። ይልቅ ብሩ ለምን ይዞራል? ቦንዱን ወደ እማዬ ስም ያዙሩልኝ፣ ቤቱን ይውሰዱ፣ ልዩነቱን ይጨምሩና እንጨርስ።»

«እናትህ የምከፍላቸው እኔ ነኝ ብለው ነው የሚያስቡት።»

ሳቀ። «እማዬን አያውቋትም እንዴ? አስረዳታለሁ።»

እንዳላስረዳቸው አሁን አውቃለሁ። ወይም እንደኔ አስረድቷቸው እሳቸው ሻይ ቀድተዋል። ያኔ ግን ደክሞኝ ነበር። የነገርኩትን ነግሬያለሁ፣ ለእናትም ለልጅም፤ ባለቤቴም ያለችው ይህንኑ ነው። ከዚህ በላይ እንቢ ብል ቤቱ ለቴፒው ነጋዴ ነው፣ እማማም የማያውቁትን የሌላ ሰው ቦንድ ይገዛሉ። ከብድርና ቁጠባ ማኅበሩ ልዩነቱን ተበደርኩ፣ ከደመወዜ እንዲቆረጥ ተጻፈ። በአንድ ከሰዓት በረንዳው ላይ ሆኜ ስልኬ ላይ የመጣውን ቁጥር አስገባሁ፤ አዲስ አበባ ላይ ልጃቸው የሳቸውን አስገባ። ስሜ ከገጹ ላይ ጠፋ። በማግስቱ ማዘጋጃ ቤት ሄደን እማማ ፈረሙ፣ የቤቱ ካርታ ወደኛ ስም ዞረ። ከማዘጋጃ ቤት ስንወጣ ክንዴን ይዘው ደረጃውን ወረዱ።

የሄዱት ከፋሲካ በኋላ ነው። ልጃቸው መኪና ይዞ መጣ። የአልጋና የሣጥን ነገር ተጫነ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። እማማ ሚስቴን አቅፈው አለቀሱ፣ ልጆቹን አንድ በአንድ ሳሙ። እኔ ዘንድ ሲደርሱ አላለቀሱም። «አንተማ በየጊዜው ትጠይቀኛለህ» አሉኝ። እኔም ልጠይቃቸው እንደምደውል ነው የመሰለኝ፤ «እጠይቅዎታለሁ» አልኩ።

ወደ ፊቱ ቤት ገባን። ልጆቹ ባዶ ክፍሎቹ ውስጥ ሲሮጡና ሲጮሁ በሩን የዘጋ አልነበረም። ባለቤቴ ግድግዳውን ኖራ ቀባችው። እኔ የፈለግሁበት ቦታ ሚስማር መታሁ፤ የምሰቅለው ነገር እንኳ አልነበረኝም። የወሩ የመጀመሪያ ቀን ሲመጣ ከሥራ ስመለስ እጄ ራሱ ወደ ኪሴ ይገባል፤ የምከፍለው የለም። ሰው የገዛ ቤቱ ውስጥ ሲቀመጥ ወገቡ እንዴት እንደሚላቀቅ ያኔ ነው ያወቅሁት። ብድሩ ተቆርጦ የሚተርፈኝ ደመወዝ ትንሽ ነበር፣ ቤታችንም ሽሮ በሽሮ ሆነ፣ ግን ማንም አላማረረም። ባለቤቴ የሚያፈሰውን ጣሪያ ለማስቀየር ከቡናዋ ትንሽ ትንሽ ማስቀመጥ ጀመረች።

የመጀመሪያው ወለድ ለእማማ በቀኑ ገባላቸው። ደወሉልኝ። «ደረሰኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ» አሉ። እኔ እንዳልሆንኩ ነገርኳቸው፤ «እሺ፣ እሺ» ብለው ስለ ልጆቹ ጠየቁኝ። ደጋግሜ ብነግራቸው ነገሩ የሚገባቸው መስሎኝ ነበር። ስልኩን ስዘጋ ግን ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። በደህና ቀን ደህና ሰው ተብሎ መመረቅ የማይጥመው ማን ነው?

ቀጣዩ ጊዜ ሲደርስ ወለዱ አልገባም። ኩባንያው የተለመደውን ማስታወቂያ አወጣ። አንድ ወር አለፈ፣ ሌላ ወር ተጨመረ። ማስታወቂያውም ከገጹ ላይ ተነሳ፣ ቀጥሎ ገጹ ራሱ አልከፈት አለ። መጀመሪያ ኔትወርኩን ጠረጠርኩ፤ በረንዳው ላይ ወጥቼ ሞከርኩ፣ ኢንተርኔት ቤት ሄጄ ሞከርኩ። ኔትወርኩ ደህና ነበር። ለልጃቸው ስደውል፣ የኩባንያው ቢሮ ድረስ ሄዶ እንደነበር፣ ዘበኛ ብቻ እንዳገኘ ነገረኝ። ድምፁ ውስጥ የድሮው ሳቅ የለም። «የኔ ደመወዝ ለልጆቼም አልበቃም መምህር» አለኝ፤ «ለእማዬ ገና አልነገርኳትም። ምን ብዬ እነግራታለሁ?» ማኅበር ተቋቁሞ ክስ ሊመሠረት ነው ይባላል፣ እሱም ያው ይባላል ነው።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ከባለቤቴ ጋር ደጅ ተቀምጠን ሳለ ስልኬ ጠራ። እማማ ናቸው። የሚቆጡኝ መሰለኝ፤ ለቁጣው መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ነግሬዎት ነበር እማማ፣ ለልጅዎም ነግሬው ነበር፣ ልል ነው። ሁሉም እውነት ነው።

እሳቸው ግን አልተቆጡም። ሰላምታውን እንደ ወጉ ጨረሱ። የልጆቹን ጤና ጠየቁ፣ የሚስቴን ጠየቁ፣ ዝናቡ እንዴት ነው አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ሰው እንዳይሰማባቸው የፈለጉ ይመስላሉ።

«ልጄ፣ አሞህ ነበር እንዴ?»

«ምነው እማማ?»

«አይ፣ ሳይደርሰኝ ሲቀር ጊዜ… አንተ ደግሞ እንዲህ አታደርግም። ለልጄ እንኳ አልነገርኩትም፣ ይናገርሃል ብዬ። አሞት ቢሆን ነው እንጂ ብዬ ስጨነቅ ሰነበትኩ።»

ባለቤቴ ፊቴን እያየች ነው።

«አዎ እማማ» አልኩ። «ትንሽ አሞኝ ነበር። አሁን ደህና ነኝ።»

«እኔን! ምንህን? ታከምክ?»

«ታከምኩ። ተሽሎኛል።»

«ተመስገን። በል አትቸኩል፣ ሲመችህ ነው። ዋናው ጤናህ ነው።»

ስልኩን ዘጋሁ። ባለቤቴ ምን አሉ ብላ ጠየቀችኝ፤ ታመምክ ወይ አሉኝ አልኳት። የወንድሟን ቡና፣ ኢንተርኔት ቤቱን፣ የሁላችንንም ልፋት እያሰበች እንደሆነ አውቃለሁ። ብትቆጣ እውነቷ ነው። ብትስቅም እውነቷ ነው። ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች፣ ሣጥን ሲከፈት ሰማሁ፤ ስትመለስ የጣሪያውን ገንዘብ በጨርቅ እንደተቋጠረ ይዛ ነው።

«በዚህ ጀምርላቸው» አለችኝ። «የቀረውን ደመወዝህ ሲገባ ትሞላለህ።»

«ይሄ እኮ አንድ ጊዜ አይደለም። በየስድስት ወሩ ነው። እስከመቼ እንችለዋለን?»

«እሳቸው እስካሉ» አለች፣ ቋጠሮውን እግሬ አጠገብ አድርጋ። «ሰኞ ስትልክ ደግሞ ደውልላቸው፤ ጨርሶ ድኛለሁ በላቸው። አሮጊቷ ሲጨነቁ እንዳይከርሙ።»